ጣራው የተቀየረ፣ በረንዳው የተዘጋ የ1950ዎቹ ቪላ በቅርስነት ይመዘገባል ወይ?

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ አንድ ቤት ነው። ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ ያለ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ቪላ። ያደግኩት እዚያ ግቢ ነው፤ በትልቁ ቤት ሳይሆን ከኋላ ባለው ሰርቪስ ቤት። የትርፍ ቤት አዋጅ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ሲታወጅ ቤቱ ተወረሰ። ትልቁ ቤት በኪራይ ቤቶች ሥር ሆኖ ለአንድ መሥሪያ ቤት ተከራየ። ሰርቪሶቹ ወደ ቀበሌ ሄዱና የኛን ጨምሮ ሦስት ቤተሰብ ገባባቸው። እናቴ እስካሁን እዚያው ናት።

ቤቱ ብዙ ተነካክቷል። ጠፍጣፋው ጣራ ክረምት በመጣ ቁጥር ሲያፈስ፣ በላዩ እንጨት ቆመና ቆርቆሮ ተመታበት። የፊት በረንዳው በብሎኬት ተዘግቶ ቢሮ ሆነ። ሳሎኑ በቺፕውድ ተከፋፈለ። ወደ መንገድ የሚያዩት የብረት መስኮቶች ተነቅለው አሉሚኒየም ገባ። ያልጠፋ ነገር ግን አለ። የመግቢያው የአርማታ ጥላ ያለ አንድም ምሰሶ ወደፊት እንደተዘረጋ ነው። ሳሎኑ ከምግብ ክፍሉ በሦስት ደረጃ ዝቅ ይላል። ከሁሉም በላይ የምወደው የድንጋይ ግድግዳውን ነው። ከግቢው ይነሳል፣ መስታወቱን ያልፋል፣ ሳሎን ውስጥ ገብቶ እሳት ማንደጃው ጋ ያልቃል። ውጭም ውስጥም ያው ድንጋይ፣ ያው አነባበር።

ሰፈሩ በፍጥነት እየተቀየረ ስለሆነ ቤቱ በቅርስነት እንዲመዘገብ ለከተማው ማመልከት እፈልጋለሁ። ይህን ያህል የተነካካ ቤት ቅርስ ይባላል? የኔ መልስ አዎ ነው። የእናንተን ልስማ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ መልሱ ጎረፈ። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው እንዲከታተል፣ በተራ ቁጥራቸው እየጠቀስኩ የራሴንም ሐሳብ እየጨመርኩ ላስፍረው።

የመጀመሪያው መልስ ሰጪ በርታ ብሎኝ፣ ያረጀ ቤት ሁሉ መመዝገብ አለበት አለ። አመሰግናለሁ፣ ግን አልስማማም። ሁሉም ከተመዘገበ ምዝገባው ምንም አይመዝንም። ቁጥር 2 ፎቶውን እንዳየ የሜዜዲሚ ሥራ ነው ብሎ ደመደመ። አርማታና ጠፍጣፋ ጣራ ያለው ቤት በታየ ቁጥር የአርቱሮ ሜዜዲሚ ስም መነሳቱ አዲስ አበባ ውስጥ የተለመደ ነው።

ቁጥር 3 ወዲያው አረመው፣ በጨዋ ቃል። ሜዜዲሚ አፍሪካ አዳራሽንና ማዘጋጃ ቤቱን የነደፈ ትልቅ ሰው ነው፣ ግን በዚያ ዘመን ከተማው ውስጥ ብቻውን አልነበረም ይላል። ፈረንሳዊው ሄንሪ ሾሜት ነበር፣ ክቡን የንግድ ባንክ ሕንፃ የሠራው። እስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ ከኢትዮጵያዊው ሚካኤል ቴድሮስ ጋር ቢሮ ከፍተው ፍልውሃንና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ነድፈዋል። በዚያ ላይ በስም የማይታወቁ ጣልያን፣ ግሪክና አርመን ግንበኞች ነበሩ። የተፈረመበት ፕላን እስካልተገኘ ድረስ የሰው ስም ማመልከቻው ላይ አይጻፍ አለ። ትክክል ነው። ቁጥር 4 ደግሞ ስም ከሌለ ማን ይመዘግበዋል ብሎ ተስፋ ቆረጠ። እዚህ ጋ ቆም ማለት አለብን። ቤት በነዳፊው ስም ብቻ የሚመዘን ከሆነ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው ግማሽ ነገር ይወድቃል። የጎንደር ግንቦችን እኮ የምናከብረው የግንበኛውን ስም አውቀን አይደለም።

ቁጥር 6 ክሩን፣ ማለትም ይህን የመልስ ሰንሰለት፣ ከፍ ያደረጉት ሰው ናቸው። ጡረታ የወጡ ድራፍትስማን፣ የሕንፃ ፕላን ሣይ፣ መሆናቸውን ተናገሩ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ጋሼ ይላቸው ጀመር። ጋሼ ስለ ጣራው ረዘም አድርገው ጻፉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በጋ ላይ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ሶሌታው፣ የአርማታው ጣራ፣ ላይ የሚፈሰው ሬንጅ ይለጠጣል፣ ይኮማተራል፣ በመጨረሻ ይሰነጠቃል። ክረምት ሲገባ ውሃው ስንጥቁን ይዞ ይወርዳል። ሬንጁ በየጊዜው መታደስ ነበረበት፣ ከ1967 በኋላ ግን የኔ ነው ብሎ የሚያድስ ጠፋ። ስለዚህ ቆርቆሮ ተመታ። ጋሼ ይህን ካሉ በኋላ ማንም ያላሰበውን ነገር ጨመሩ። ያ የተጠላው ቆርቆሮ ባይኖር ኖሮ ውሃው ሶሌታው ውስጥ ገብቶ ፌሮውን ያዝገው ነበር፣ ቤቱም ዛሬ ባልቆመ ይላሉ። ቅርጹን ያበላሸው ነገር ሕይወቱን አትርፎታል ማለት ነው። ደግሞም በብሎን የታሰረ እንጨት ነው። ሲፈለግ ይወርዳል።

የሳቸውን መልስ ካነበብኩ በኋላ ለውጥ የሚለውን ነገር የማየው በሁለት ከፍዬ ነው። የሚነሳ ለውጥ አለ፣ የማይነሳ ለውጥ አለ። ቆርቆሮውና ቺፕውዱ ይነሳሉ። የተነቀለው የብረት መስኮት ግን ሄዷል።

ቁጥር 7 ይህን ሁሉ አልተቀበለም። አነጋገሩ መረር ያለ ነው። ቅርስ ማለት እንደነበረ የቆየ ነው፤ ጣራው፣ መስኮቱና በረንዳው የተቀየረ ቤት ድሮ ቅርስ ሊሆን ይችል የነበረ ቤት ነው፣ አሁን አይደለም ባይ ነው። የወላጆቼን ሰፈር ስለምወድ አይኔ እንደተጋረደም አከለበት። ሰፈሬን መውደዴን አልክድም። ክርክሩ ግን በዚያ አይፈርስም፤ ድንጋዩ ያለው ግድግዳው ላይ ነው።

ቁጥር 8 የሥነ ሕንፃ ተማሪ ናት፣ ለቁጥር 7 በምሳሌ መለሰችለት። ደቡብ ፈረንሳይ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ፣ አይሊን ግሬይ የምትባል ነዳፊ እ.ኤ.አ. ከ1926 እስከ 1929 የሠራችው ኢ-1027 የሚባል ቤት አለ። ከዓመታት በኋላ ዝነኛው የሕንፃ ነዳፊ ለ ኮርቡዚዬ ገባና ነጩ ግድግዳዋ ላይ ትላልቅ ሥዕል ሣለበት። እሷን አላስፈቀደም። ቤቱ በኋላ ተጎሳቆለ፣ ዕቃው ወጣ። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2000 የፈረንሳይ መንግሥት በቅርስነት ያዘው። ሲታደስም ሥዕሎቹ አልተፋቁም። የተቀየረ ቤት ቅርስ አይሆንም የሚል ሰው ለዚህ ቤት ምን ይላል ብላ ጠየቀች። ቁጥር 9 ፈረንሳይ ሌላ እኛ ሌላ ብሎ አጣጣለው፣ በሁለት መስመር። ምክንያት አልሰጠም።

ቁጥር 10 የጻፈው ከእስራኤል ነው። ቴል አቪቭ ውስጥ ነጩ ከተማ የሚባለው ክፍል 4,000 ያህል ሕንፃ ያለበት ነው፣ ዩኔስኮ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2003። እሱ ራሱ በዕድሳት ሥራ ላይ ቀን ሠራተኛ ሆኖ አይቶታል። ከነዚያ ቤቶች እጅግ ብዙዎቹ በረንዳቸው በፕላስቲክ መዝጊያ ተዘግቶ ክፍል ሆኖ ነበር፣ ልክ እንደኛው ቤት። ቤተሰብ ሲበዛ ሰው በረንዳውን ይዘጋል። ሲታደሱ መዝጊያው ይወጣና በረንዳው ይከፈታል። በአንዳንዶቹ ላይም ባለቤቱ የዕድሳቱን ወጪ እንዲችል ተጨማሪ ፎቅ ከላይ እንዲሠራ ይፈቀድለታል። ይህ መጨረሻ ላይ ያለው ነገር ብዙ ሰው አስደነገጠ። ቅርስ ላይ ፎቅ? ግን እውነት ነው። ያ ከተማ ለውጥን ጨርሶ መከልከል አልመረጠም፤ ለውጡን መቆጣጠር ነው የመረጠው።

ቁጥር 11 ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። አሌክሳንድሪያ አጠገብ ሆሊን ሂልስ የሚባል ሰፈር አለ፤ ቻርልስ ጉድማን የነደፋቸው 450 ያህል የመስታወት ቤቶች፣ ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1949 የተጀመረ። ብዙዎቹ ክፍል ተጨምሮባቸዋል፣ መስኮታቸውና ኩሽናቸው ተቀይሯል። ሰፈሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 በአገር አቀፉ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባ። አሜሪካኖቹ አንድ ቤት ማንነቱን ይዞ ቆይቷል ወይ ሲሉ ሰባት ነገር ነው የሚያዩት ይላል፤ ቦታው፣ ንድፉ፣ ዙሪያው፣ የተሠራበት ዕቃ፣ የእጅ ሙያው፣ የሚሰጠው ስሜት፣ ከታሪክ ጋር ያለው ትስስር። ሰባቱንም እንዲያሟላ አይጠበቅም። አብዛኛውን ከያዘ ይበቃል።

እኔ ይህን መለኪያ ወስጄ የኛን ቤት አየሁበት። ቦታው አልተነሳም። ንድፉ ጣራውና በረንዳው ላይ ተጎድቷል፣ የወለል ፕላኑ ግን ከቺፕውዱ ሥር አለ። ዕቃው በከፊል ሄዷል። የእጅ ሙያው ድንጋዩ ላይ ሙሉ ነው፤ የዚያ ግንበኛ መዶሻ የጠረበው ጠርዝ ዛሬም በእጅ ሲዳሰስ ይቆርጣል። ዙሪያውን ሳይ ግን ያመኛል። ከግቢው ፊት የነበሩት ባሕር ዛፎች የሉም፣ በሁለት ጎኑ ፎቅ ቆሟል። በኔ ሚዛን ቤቱ ያልፋል። በብዙ ልዩነት ሳይሆን በጥቂቱ።

ቁጥር 12 ቁጥር 11ን አስተካከለው፣ እሷም ከዚያው አካባቢ ናት። የአገር አቀፉ መዝገብ ክብር ነው እንጂ አጥር አይደለም፤ ባለቤቱ በራሱ ገንዘብ ላፍርስ ካለ መዝገቡ ብቻውን አያስቆመውም ትላለች። የሚያስቆመው የአካባቢው አስተዳደር ሕግ ነው፤ ሆሊን ሂልስም ያንን ያገኘው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ከካውንቲው ነው። ይህ ልዩነት ለኛም ይሠራል። በር ላይ የሚለጠፍ ሰሌዳ አንድ ነገር ነው፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ዝርዝሩን ጠረጴዛው ላይ ይዞ መቀመጡ ሌላ።

ከዚያ ቁጥር 13 መጣና ውይይቱን በሙሉ አናወጠው። ሰው በኪራይ እየተሰቃየ እናንተ ስለ በረንዳ ትጨቃጨቃላችሁ አለ። አያቱ የተመዘገበ ቤት ውስጥ እንደሚኖሩ፣ ጣራ ለማስጠገን ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመላለሱ ዝናቡ አልጋቸው ላይ እንደገባ ጻፈ። ለመሸጥም ቢሞክሩ የሚገዛ የለም። ለሱ ቅርስ መባል እርግማን ነው። ቁጥር 14 ስድብ ቀላቀለበት፣ አልደግመውም። ቁጥር 15 ለቁጥር 13 ወግና አንድ የተሳለ ጥያቄ ወረወረችልኝ፤ ትልቁ ቤት ከተመዘገበ በኋላ ሰርቪሱ ውስጥ ያሉት ሦስት ቤተሰቦች ምን ይሆናሉ? ግቢው ይጽዳ ተብሎ ይነሳሉ?

ይህ ጥያቄ እንቅልፍ የሚነሳ ነው። ከብዙ መልስ በኋላም ክሩ ላይ ደፍሮ የነካው የለም። የኔ አቋም ይህ ነው። ሰርቪስ ቤቱ የንድፉ አካል ነው። የ1950ዎቹ ቪላ ሲነደፍ ከፊት ሳሎንና በረንዳ፣ ከኋላ የማድ ቤትና የሠራተኛ መደዳ ተብሎ ነው የተነደፈው። በአንድ ወረቀት ላይ፣ በአንድ እስኩዌር። የኛ መደዳ ግድግዳም ከታች ጉልበት ድረስ ያው የትልቁ ቤት ድንጋይ ነው። መደዳውን አውጥቶ ቪላውን ብቻ የሚመዘግብ ሰው ግማሽ ቤት ነው የሚመዘግበው። ስለዚህ ማመልከቻው ግቢውን ሙሉ፣ ከነነዋሪው መጥቀስ አለበት። አለበለዚያ እኔ አልፈርምም።

ቁጥር 17 ወደ ሕጉ ወሰደን። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብም በመንግሥትም ይዞታ ሊሆን እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ያዢው ጥበቃ የማድረግ ግዴታ አለበት፤ ጥገና ደግሞ አስቀድሞ ፈቃድ ይፈልጋል። የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት በከፊል ሊሸፍን እንደሚችልም ተጽፏል። ቁጥር 18 ወረቀት ላይ ማለትህ ነው ብሎ መለሰ፣ ቁጥር 13ም ተመልሶ መጥቶ ደገፈው። ሁለቱንም እረዳቸዋለሁ። የአያትየው ጣራ ያፈሰሰው ሕጉ ስለሌለ አይደለም፣ ፈቃዱ ከዝናቡ በኋላ ስለደረሰ ነው። ይህ ግን ላለመመዝገብ ምክንያት አይሆነኝም። ፈቃዱ እንዲፈጥን ለመጮህ ምክንያት ነው። የኛ ቤት ደግሞ ከአያትየው ቤት በአንድ ነገር ይለያል፤ ባለቤቱ መንግሥት ስለሆነ በምዝገባው ኪሱ የሚጎዳ ግለሰብ የለም።

ቁጥር 19 ትልልቆቹን ሕንፃዎች አነሳ። ብሔራዊ ቴአትርን ጣልያኖች ሲኒማ ማርኮኒ ብለው ጀመሩት፣ ሳይጨርሱት ሄዱ፣ ከዚያ በሾሜት እጅ ሌላ መልክ ይዞ በ1948 ለንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል ተከፈተ። ከመነሻው የተቀየረ ሕንፃ ነው። ቅርስ አይደለም የሚል ሰው ግን አልሰማም። ቀጥሎ አፍሪካ አዳራሽን ጠቀሰ። በ1953 የተመረቀ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት። በቅርቡ በታደሰበት ወቅት የውጭ ሸክላው በአዲስ ተተክቷል፣ አወቃቀሩ ተጠናክሯል፣ የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ተጠግኗል፣ በጥቅምት 2017 ተመልሶ ተከፍቷል። ሸክላው አዲስ ስለሆነ አዳራሹ ታሪኩን አጣ እንዴ? ቁጥር 20 እዚህ ላይ ቅር አለው። አፍሪካ አዳራሽን የተባበሩት መንግሥታት ነው ያሳደሰው፣ በዚያ አቅም የሚታደስን ነገር ከአንድ ቪላ ጋር ማወዳደር ልክ አይደለም ይላል። በገንዘቡ በኩል ልክ ነው። በመለኪያው በኩል ግን ቁጥር 19 ይረታል፤ ዕቃው ሲቀየርም ንድፉ በጥንቃቄ ከተመለሰ ሕንፃው ያው ነው።

ከዚህ በኋላ ወሬው ሌላ መንገድ ያዘ። ቁጥር 21 የድሮ የብረት መስኮት እጀታ የት ይገኛል ብሎ ጠየቀ። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ! አምስት ሰው በአንድ ጊዜ መለሰ። ከዚያ ስለ ፓርኬ መፋቂያ፣ ስለ ሰም፣ ስለ ድሮ ቀለም ጠንካራነት፣ አልፎ ተርፎም ጣይቱ ሆቴል ጥር 2007 ከተቃጠለ በኋላ ስለታደሰው የእንጨት ወለል ድረስ ተጻፈ። ደስ የሚል ወሬ ነበር፣ ግን ጥያቄው ተረሳ። መልሳ ያመጣችው ተማሪዋ ናት፣ በቁጥር 27። ቼክ አገር፣ ብርኖ ከተማ ውስጥ ነዳፊው ሚስ ፋን ደር ሮኸ የሠራው ቪላ ቱገንዳት የሚባል ቤት አለ፤ የምግብ ክፍሉን በግማሽ ክብ የሚከልል፣ ማካሳር ዞጲ ከሚባል ጥቁር እንጨት የተሠራ ግድግዳ ነበረው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ተነቅሎ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2011 የዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ መመገቢያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ተገኘ፤ ሕንፃው በጦርነቱ ጊዜ የጌስታፖ፣ የናዚ ምሥጢራዊ ፖሊስ፣ ቢሮ ነበር። ወደ ቤቱም ተመለሰ። ስለዚህ ምናለሽ ተራ ከመሄድህ በፊት የመሥሪያ ቤቱን መጋዘን ጠይቅ አለችኝ። ከሁሉም ምክር ይህን ወደድኩ። ወዲያው ጠየቅኩ። ከተነቀሉት መስኮቶች ሁለቱ ከነእጀታቸው መጋዘኑ ጥግ፣ ከተሰበሩ ወንበሮች ኋላ ተደግፈው ተገኙ። ቀለማቸው ተልጧል፣ መስታወት የላቸውም። ብረቱ ግን ጤነኛ ነው።

ቁጥር 29 ላይ ያልጠበቅኩት ሰው መጣ። እናቷ እዚያ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበሩ። በረንዳው የተዘጋው ለታይፒስቶቹ ክፍል ነው ትላለች። በፊት ኮሪደር ላይ፣ በሰው መተላለፊያ ነበር የሚሠሩት። ብሎኬቱ ሲሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸው በር አገኙ። እናቷ ስለዚያ ክፍል ዛሬም ያወራሉ። እና ጥያቄዋ ቀላል አልነበረም። ቁጥር 8 ስለ ፈረንሳዩ ቤት ስትጽፍ፣ ሳያስፈቅድ ግድግዳ ላይ የሣለው ሰው ዝነኛ ስለሆነ ሥራው ቅርስ ተባለ። የታይፒስቶቹ ግድግዳ ለምን ጉዳት ይባላል?

ጋሼ በቁጥር 30 ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡ። ብሎኬቱ ያለ ልክ የተነባበረ፣ ልስኑ የተንሻፈፈ፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የድንጋዩን ግድግዳ መሃል ለመሃል የቆረጠ ነው አሉ። ቤቱ የሚናገረው ድንጋዩ ከውጭ ወደ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ያንን የዘጋ ግድግዳ የቤቱን አፍ ዘግቷል። ልጅቷም ወደ ኋላ አላለችም። ቤት የሚናገረው በድንጋይ ብቻ ነው ወይ፣ እዚያ ሃያ ዓመት የሠሩ ሴቶችስ ምንም አልተናገሩም ወይ ብላ ጻፈችላቸው፣ በአክብሮት ግን ቁርጥ ባለ ቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ሰው በሁለት ተከፈለ። ቁጥር 31ና 33 ከጋሼ ጋር፣ 32 ከልጅቷ ጋር፣ 34 ሁለቱም ያሳዝኑኛል ብሎ ወጣ።

እኔ በዚህ ነገር ላይ ብዙ አሰብኩበት። ይህ ቤት እንዲመዘገብ የምንጠይቀው በምን ምክንያት ነው? ታዋቂ ሰው ስለኖረበት አይደለም፣ ውል ስለተፈረመበትም አይደለም። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው አዲስ ዓይነት ኑሮ በአርማታ፣ በመስታወትና በአገር ድንጋይ እንዴት እንዳሰበ ስለሚያሳይ ነው። ምክንያታችን ይህ ከሆነ ንድፉን የሚጋርደው ግድግዳ አንድ ቀን መነሳት አለበት፣ እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ነኝ። ግን ከመነሳቱ በፊት ይለካ፣ ፎቶ ይነሳ፣ የታይፒስቶቹ ታሪክ ከነማን እንደነበሩ በመዝገቡ ውስጥ ይጻፍ። ጣራውም እንዲሁ። የ1967 አዋጅ በቤቱ ላይ ያደረገው ነገር ከቤቱ ታሪክ ተቀንሶ የሚጣል አይደለም። ምናልባት ከአንድ ቪላ ግድግዳ ላይ የዚያን ዘመን ከተማ እንዲህ ቁልጭ አድርጎ ማንበብ የሚቻልበት ሌላ ቦታ ብዙ የለም።

ቁጥር 36 ፒያሳን አስታወሰን። በ2016 ዶሮ ማነቂያ ሲነሳ ስንቱ ቤት ፕላኑ እንኳን ሳይወሰድ ሄደ ይላል። ቅርስ ሲባል ሰው አሁንም የሚያስበው የምኒልክ ዘመንን የእንጨት ሰገነት ነው፤ አርማታ ማንም አያዝንለትም። የጻፈው በሐዘን ነበር፣ ማንንም አልወቀሰም። ቁጥር 7 እንኳን እዚህ ላይ ተመልሶ መጥቶ፣ ቅርስ ነው ባይባልም መለካቱን እደግፋለሁ አለ። ከሱ ይህን መስማቴ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ፣ ተማሪዋና እኔ ሜትርና መሰላል ይዘን ገባን። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በደግነት ፈቀዱልን። ከሳሎኑ ኮርኒስ አንዱን ሰሌዳ ስናነሳ ከላይ፣ ከሶሌታው ሥር፣ ቀጭን የመስታወት መደዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቶ አገኘን። ሶሌታው በግድግዳው ላይ የተጫነ እንዳይመስል፣ በብርሃን ላይ የተቀመጠ እንዲመስል ተብሎ የተሠራ ነው። ክፈፉ የመጀመሪያው ብረት ነው። መስታወቱ ነጭ ቀለም ተቀብቷል እንጂ አልተሰበረም። ኮርኒሱ ደብቆ አቆይቶታል። ተማሪዋ ሥዕሉን እየሠራች ነው፤ ያለውን በአንድ ቀለም፣ የተጨመረውን በሌላ፣ የጠፋውን በነጠብጣብ መስመር።

ማመልከቻው ላይ ቤቱ አልተነካም ብለን አንጽፍም። እያንዳንዱ ለውጥ መቼ፣ ለምን፣ በምን ዕቃ እንደተሠራ፣ ይነሳል ወይ አይነሳም የሚለውን እናስቀምጣለን። ሰርቪሱም ይገባል፣ የሦስቱ ቤተሰብ ፊርማም ይገባል፤ እናቴ ፈርማለች። የቀረን ከ1967 በፊት የነበረው የፊት ገጽታ ፎቶ ነው። በረንዳው ክፍት ሳለ፣ ጣራው ሳይከደን በፊት። ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ የኖራችሁ፣ የሠርግ ወይም የክርስትና አልበም ያላችሁ፣ እባካችሁ ከሰው ጀርባ ያለውን ቤት እዩልኝ። አርማታ ጥላውና የድንጋዩ ግድግዳ ከታየ እዚሁ ክር ላይ ለጥፉት፤ የሰዎቹን ፊት መሸፈን ይቻላል።